በቀለም የታጠረ መንገድ

ሰውና ሰው በምን እንደሚዋደድ የሚያውቅ ካለ ይንገረን። እነዚህ ሁለቱ የተዋደዱት በጠርዝ ድንጋይ ነው። እሷ በከተማው የመንገዶች መሥሪያ ቤት መንገድ የምትነድፍ መሐንዲስ ናት። እሱ ደግሞ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣ በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ብስክሌት የሚጠግን፣ ሰፈሩ ሁሉ «ፔዳል» እያለ የሚጠራው ወጣት ነው። የብስክሌተኞች ማኅበር ሰዎች «መኪና ጨረሰን፤ መንገዳችንን በጠርዝ ድንጋይ ለዩልን» እያሉ ሰኞ ሰኞ ቢሮዋ ደጃፍ ሲመጡ እሱም አብሮ ይመጣ ነበር። ሌሎቹ ይጮኻሉ፣ እሱ ዝም ብሎ ያያታል። አንድ ቀን «አንተስ የምትለው የለህም?» ብትለው፣ «የሚባለውን እነሱ ጨረሱት፤ ለእኔ የቀረልኝ አንቺን ማየት ነው» አላት። ሳቀች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በእሷ የሚደርስ መሆኑን ያኔ በምን ታውቃለች?

ያ ሳቅ አሁን የለም። የፔዳል ታናሽ እህት ሞታለች። ነርስ ነበረች፤ ቁመቷ አጠር ያለ ስለነበር ቤተሰቡ «ሚጢጢ» ይላታል። ከሆስፒታል ስትመለስ በዋናው ጎዳና ላይ በተቀባው አዲሱ የብስክሌት መስመር እየሄደች ነበር። መስመሩ ላይ መኪና ቆሞ አገኘችና ልታልፈው ወጣ ስትል አውቶቡስ ደረሰባት። መስመሩን የነደፈችው መሐንዲሷ ናት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሕዝብ ስለ አደጋው ይሰበሰባል፤ መሥሪያ ቤቱን ወክላ መልስ የምትሰጠውም እሷው ናት።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ አባቷ ናቸው።

«የምትሰጪው ቃል አጭር ነው» አሉ አባቷ፣ በሩን ዘግተው። «መስመሩ በግልጽ ተቀብቷል። ሟች ከመስመሩ ወጥታ ነው የተገጨችው። በቃ፣ ሌላ አትጨምሪ።»

«መኪና ቆሞባት እኮ ነው የወጣችው።»

«መኪና እንዲቆምበት አልፈቀድንም።»

«እንዳይቆምበትስ ምን አደረግን፣ አባዬ? ድንጋዩ ቢኖር ኖሮ መኪና ምን ብሎ ይወጣበታል?»

አባቷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ሰበሰቡ። ክፉ ሰው አይደሉም። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትም እናትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሞግዚት ስትቀር ወደ መንገድ ሥራ ይዘዋት እየሄዱ፣ የመለኪያ ሜትር እንደ አሻንጉሊት እየሰጧት ነው ያደገችው። የመጀመሪያው ንድፍ ብስክሌቱን ከመኪናው የሚለይ የጠርዝ ድንጋይ ነበረው። ነጋዴዎቹ ግን «መኪና ማቆሚያችን ሊቀር ነው፣ ደንበኛ ሊሸሸን ነው» ብለው ተነሡ። ከላይም ስልክ ተደወለ። አባቷ ድንጋዩን አስቀርተው ቀለም ብቻ ይሁን አሉ። እሷ ደግሞ አልፈርምም አለች። አንድ የቀለም መስመር መኪና እንደማያቆም ለማወቅ መሐንዲስ መሆንም አያስፈልግም።

በዚያው ሰሞን ማታ ራት ላይ አባቷ ሳቅ ብለው፣ «አንቺ ቀለሙን ፈርሚልኝ፤ እኔም ያንን ጎማ ለጣፊሽን በሬን እከፍትለታለሁ» አሏት። ከዚያ በፊት የልጁን ስም በቤታቸው ማንሣት ክልክል ነበር። «ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?» ከማለት ሌላ ቃል ከአፋቸው አይወጣም ነበር። በማግሥቱ ፈረመች። ድንጋዩን በሚቀጥለው ዓመት አስገባዋለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገባች። ፔዳል የተዋሰውን ኮት ለብሶ ቤታቸው መጣ። ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ ተማሪ ተቀመጠ፤ አባቷ እጁን ጨበጡት። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ተደስታ አታውቅም። በምን ዋጋ እንደገባ ግን ለእሱ አልነገረችውም።

«እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ» አሉ አባቷ አሁን። «ልጁን እንደ ልጄ ተቀብዬዋለሁ፤ ሐዘኑም ሐዘኔ ነው። ግን ድንጋዩ ለምን ቀረ ከተባለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ‹እሷስ ለምን ፈረመች› ነው። ያኔ ምን ልትመልሺ ነው?»

«ሙት ወቃሽ ልታደርገኝ ነው እንዴ፣ አባዬ?»

«ሙት አይሰማም፣ ልጄ። የሚጎዳው በሕይወት ያለው ነው።»

ይህን ሲሉ ዓይኗን አላዩም። ክራቫታቸው እንደ ልማዱ ተጣሞ ነበር። ክራቫት በደንብ ማሰር የሚያውቁ ሰው አይደሉም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታስተካክልላቸው እሷ ናት። እጇ ሳታዝዘው ተነሥቶ ክራቫቱን አቃናላቸው። አባቷም አንገታቸውን ቀና አድርገው እንደ ሕፃን ቆሙላት። በዚያች ደቂቃ ብትጠላቸው በቀለላት ነበር፤ ግን ወደደቻቸው።

ከዚያ ወደ ፔዳል መጠገኛ ሄደች። የብስክሌተኞቹ ማኅበር አንድ ልማድ አለው። ከአባላቱ አንዱ መንገድ ላይ ሲሞት፣ ይነዳው የነበረውን ብስክሌት ነጭ ቀብተው የሞተበት ቦታ ላይ በሰንሰለት ያስሩታል። ቀለሙ በመርጫ አይነፋም። ሟቹን የወደደ ሁሉ ብሩሽ እየተቀበለ አንድ አንድ ቦታ ይቀባል፤ ያልቀባ አልወደደም ይባላል። ከተማው ውስጥ እንዲህ የታሰሩ ብስክሌቶች ብዙ ናቸው። አላፊ አግዳሚው ማስታወቂያ ይመስለዋል።

የማኅበሩ ሰዎች ቀብተው ወደ አዳራሹ ሄደዋል። መጠገኛው ውስጥ የቀሩት ፔዳልና እናቱ ብቻ ናቸው። እናቱ ጥቁር ለብሰው በሩ አጠገብ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የሚጢጢ ብስክሌት መሃል ወለሉ ላይ ቆሟል። የፊት ጎማው እንደተጣመመ ነው፤ እንዲቃና ማንም አልፈለገም።

«መጣሽ?» አላት ፔዳል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጢሙ አድጓል። ብሩሹን ዘረጋላት። «ኮርቻውን ለአንቺ ትቼልሻለሁ። ስትማሪ ከኋላ ኮርቻውን ይዛ ትሮጥልሽ የነበረችው እሷ አይደለች?»

እውነት ነው። መንዳት ያስተማረቻት ሚጢጢ ናት። «ይዤሻለሁ፣ አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ» እያለች፣ ለካ እጇን ከለቀቀች ቆይታለች። መሐንዲሷ ዞር ብላ ስታይ ሚጢጢ ሩቅ ቆማ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

ብሩሹን ተቀበለችው። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ነጭ ቀለም ሽታው ያው ነው፤ መስመሩ ሲቀባ ሠራተኞቹ አጠገብ ቆማ ያሸተተችው። ብሩሹን መልሳ ቆርቆሮው አፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው?»

«አልችልም።»

ፔዳል አያት። ከዚህ በፊት እንደዚያ አይቷት አያውቅም። «አባትሽ እንዳያዩብሽ ነው? እጅሽ ቀለም ነክቶት አዳራሽ እንዳትገቢ?»

«አይደለም።»

«ግዴለም፣ ገብቶኛል። የእናንተ ቤት ሰው ለቅሶ ላይም እጁን አያቆሽሽም።»

ስድቡን ጠጣችው። ስድቡ መውጫ በር ነበር። ተቀይማ ብትወጣ፣ ነገ ይጸጸታል፣ ከነገ ወዲያ ይታረቃሉ፤ እውነቱንም ሆድ ይፍጀው ብላ ትኖራለች። እንዲህ አድርጎ የሚኖር ሰው ስንት አለ! እግሯም ወደ በሩ ዞሮ ነበር።

«ተዋት አንተ» አሉ እናቱ ከተቀመጡበት። «ሁሉም ሐዘኑን እንደ አቅሙ ነው። ነይ ልጄ፣ ወዲህ ነይ። አንድ ነገር ንገሪኝ፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ሰፈር ውስጥ ‹ከመስመር ወጥታ ነው፣ ጥፋቱ የራሷ ነው› ይላሉ። አስተዛዛኝ ሆኖ የመጣው ሁሉ ይህንኑ ሹክ ይለኛል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፣ እኔ ልጄ ናትና ላደንቃት እችላለሁ። ግን ጠንቃቃ ነበረች። ከሥራ ስትወጣ ደውላ ‹መጣሁ› ሳትለኝ አትነሣም። እውነት ልጄ ራሷን ገደለች?»

መሐንዲሷ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። «አይደለም፣ እማማ። እሷ ምንም ጥፋት የለባትም።»

«እንዲህ በይኝ» አሉ እናቱ። እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ጫማቸውን ሊቀይሩ ወደ ጓዳ ገቡ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ከተንበረከከችበት ሳትነሣ ተናገረች። «በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ድንጋይ ነበረ።»

«አውቃለሁ። ነጋዴዎቹ አስቀሩት አልሽኝ።»

«እኔ እምቢ ማለት እችል ነበር። እኔ ካልፈረምኩ አይቀባም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ፈረምሽ?»

«አባቴ፣ ከፈረምሽ ቤቴ ይግባ ስላለ።»

«ማን ይግባ?»

«አንተ።»

መጀመሪያ ያልገባው መሰለ። ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየች። የጥገናው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተደገፈ።

«የማኅበሩ ሰዎች ቀለም አንቀበልም ሲሉ የለመንኳቸው እኔ ነኝ» አለ፣ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ። «መምህሩ፣ ሊቀ መንበራችን፣ ‹ቀለም መኪና አያቆምም፣ ልጄ› አሉኝ። ኢንጂነሯ ለጊዜው ነው ብላለች፣ እመኑኝ አልኩ። ሚጢጢ ደግሞ በውስጥ ለውስጥ ነበር የምትመላለሰው። ይረዝማል፣ ግን መኪና የለበትም። በዋናው ሂጂ፣ የኢንጂነሯ መንገድ እኮ ነው አልኳት። ጓደኞቿን ሳይቀር ‹ይቺን መንገድ የሠራችው ምራታችን ናት› ትላቸው ነበር።»

«አትንገረኝ፣ ይብቃኝ።»

«እኔ እናንተ ሶፋ ላይ የተቀመጥኩት በእሷ ላይ ተረማምጄ ነው ማለት ነው።»

ምን ትመልስለት? አይደለም ብትል ውሸት ነው። ፔዳል ብሩሹን አነሣና ኮርቻውን ራሱ ቀባው፤ ላዩን፣ ጎኑን፣ ሥሩን ሳይቀር። ሲጨርስ ብሩሹን ጋዝ ውስጥ ነከረ።

«ሂጂ እንግዲህ፤ ስብሰባው እንዳይረፍድብሽ» አላት። ድምፁ ጎማ ሊያስለጥፍ ለመጣ ደንበኛ የሚናገርበት ድምፅ ነበር። ምነው በጮኸብኝ እያለች ወጣች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ነጋዴዎቹ በአንድ ወገን፣ ብስክሌተኞቹ የራስ ቁራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በሌላው ወገን ተቀምጠዋል። ከፊት ለፊት ብቻውን አንገቱን የደፋ ቀጭን ሰው አለ፤ የአውቶቡሱ ሾፌር ነው። ከጎኑ ያሉት ወንበሮች ላይ ማንም አልተቀመጠም። ፔዳል እናቱን ደግፎ ሲገባ ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸው። አባቷ መድረኩ ላይ ናቸው፤ ክራቫታቸው እሷ እንዳቃናችው ነው።

ስሟ ተጠርቶ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። የምትናገረውን እስከዚያች ደቂቃ አልቆረጠችም ነበር ብንል ሐሜት አይሆንብንም። አባቷን ብታድን እኒያን እናት ልትገድል ነው፤ እናቲቱን ብታድን አባቷን። ቀና ስትል የፔዳልን እናት አየች። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ አንድ ቃል እንዳያመልጣቸው ወደ ፊት አዘንብለዋል።

«ሟች ጥፋት የለባትም» አለች። «ከመስመሩ የወጣችው መስመሩ ላይ መኪና ስለቆመባት ነው። መኪናው የቆመው የሚከለክለው ነገር ስላልነበረ ነው። የሚከለክለው ድንጋይ ነበር፤ እሱን አስቀርተን ቀለም ቀባን። ቀለም እንደማያድን አውቅ ነበር። አውቄ ፈረምኩ። ሾፌሩ ይጠየቅ፣ ግን ብቻውን አይደለም። ድንጋዩ ዛሬም የለም። ነገም በዚያ የሚሄድ ልጅ አላችሁ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ከብስክሌተኞቹ መካከል ጡረተኛው መምህር ተነሡ። «ልጄ፣ እንደማያድን ካወቅሽ ለምን ፈረምሽ? ማን አስገደደሽ?»

«ታዝዤ ነው» ብትል ሁሉም ያምናታል። ያዘዛት ሰው መድረኩ ላይ ተቀምጧል። አባቷን አየቻቸው። ዓይናቸው አልለመናትም፤ ድካም ብቻ ነበረበት።

«ማንም አላስገደደኝም» አለች። «የምወደውን ሰው አባቴ ቤቱ እንዲያስገባልኝ ብዬ ነው። ድንጋዩን በዚያ ለወጥኩት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጠገቡ ያሉትን ሲያይ ጉሮሮው ላይ ቀረ። አባቷ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ተነሥተው በጎን በር ወጡ። በቁጣ አልነበረም የሄዱት። ጀርባቸው እንዲህ መጉበጡን ልብ ብላ አይታ አታውቅም፤ ሲወጡ ግን አየችው።

የፔዳል እናት በወንበሮቹ መካከል መጡ። ሰው ሁሉ እግሩን እየሰበሰበ አሳለፋቸው። ፔዳል ክንዳቸውን ይዞ ከኋላቸው ነበር። ፊቷ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጄን ከስም አጥፊ አፍ አወጣሽልኝ» አሉ። «ስለሱ እግዜር ይስጥሽ። አልረግምሽም።»

«እማማ…»

«ቆይ፣ ልጨርስ። ቤቴ ግን አትምጪ። እወድሽ ነበር፣ አሁንም አልጠላሁሽም። ግን ሳይሽ እሷን ነው የማየው፤ ከአንቺ ጋር ስትስቅም፣ ስትወድቅም። እኔ አሮጊት ነኝ፣ ሁለቱን ባንድ ላይ ማየት አልችልም።»

«እሺ፣ እማማ።»

ፔዳል ዓይኑን አነሣ። ጥላቻ የምታይ መስሏት ነበር፤ ለእሱ ተዘጋጅታለች። ያየችው ግን ቢሮዋ ደጃፍ ላይ ያያት የነበረውን ያንኑ ዓይን ነው፣ አሁን እንባ ሞልቶት። ይወዳታል። ከንፈሩ ሊናገር ተከፈተ፣ እናቱ ክንዳቸውን ሲያጠብቁበት ተዘጋ። እናቱን ይዞ ወጣ። ፍቅሩ ባይኖር ኖሮ መለያየቱ እንዲህ ባላመማት።

ድንጋዩ ክረምቱ ሲያልፍ መሠራት ጀመረ። ነጋዴዎቹ ማጉረምረማቸው አልቀረም፤ ግን ከዚያ ስብሰባ በኋላ በአደባባይ አይሆንም የሚል ደፋር አልተገኘም። አባቷ ጡረታ ወጡ። እሷ ከቢሮ ተነሥታ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ሆነች፤ ቅጣት ነው ቢሉም እሷ ግን ቦታውን አልጠላችውም። አባትና ልጅ ባንድ ገበታ ይበላሉ፤ ብዙ አያወሩም። ይቅር በለኝ አላለችም፣ ይቅርታም አልጠየቋትም። አልፎ አልፎ ብቻ አባቷ ጎርሰው እየዋጡ፣ «ድንጋዩ የት ደረሰ?» ይላሉ። የት እንደደረሰ ትነግራቸዋለች። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

መስመሩ በተከፈተበት ጠዋት ገመዱን የፈታችው እሷ ናት። ብስክሌተኞቹ ተሰልፈው መጡ። ከመካከላቸው ፔዳልን ከሩቅ ለየችው፤ ከስቷል፣ ትከሻው ወጥቷል። ልቧ እንደ መጀመሪያው ቀን መታ። ሲደርስባት ፍጥነቱን ቀነሰ፤ አንድ እግሩን ከመርገጫው አንሥቶ ወደ መሬት አወረደ። ሊቆም ነው ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እሱም ያሰበ ይመስላል። ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ የሁለቱም ዓይን መሃል ሚጢጢ ነበረች። ያወረደውን እግር መልሶ መርገጫው ላይ አደረገና ነድቶ ሄደ።

ወዲያው አውቶቡስ መጣ። ያው ትልቁ፣ ጭስ የሚተፋው። እንደ ልማዱ ወደ ጠርዝ ተጠግቶ በፔዳል ጎን እየሮጠ ሲያልፍ ትንፋሿን ዋጠች። ጎማው ድንጋዩን ታከከ፣ ተንሸራተተና ወደ መሃል ተመለሰ። ፔዳል ቀና ብሎም አላየው፤ አንገቱን አቀርቅሮ ይነዳ ነበር።

እስከ ማዞሪያው ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ወደ እሷ የሚመልስ መንገድ ልትሠራለት አልቻለችም፤ ወደ እናቱ የሚመልሰውን ግን ሠርታለች። ታጠፈ፣ ከዓይኗ ተሰወረ። «በደኅና አለፈ» አለች ለራሷ። ሠራተኞቹ ምን ሆነች እያሉ እያዩዋት፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።